ሰው ስትይዝ፦ ለዘመቱ የድሬ ልጆች

ይሄን ምጽፈው በዋናነት ወታደር ለሆኑ የሰፈር ልጆች ነው፣ ወንድሙ ወይ ልጁ የተያዘበት ሰውም ቢያነበው ግን አይከፋም፣ ወደ መጨረሻው ለሱም ሚሆን ነገር አለ። እኔ ጠበቃ ነኝ፣ ወታደር ሆኜ አላውቅም፣ ስለ ምሽግና ስለ ተኩስ ምነግራችሁ የለኝም። ግን ለፈቃድ ድሬ ሚመጣ ልጅ ሁሉ በርጫ ላይ ሞቅ ሲለው ሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፣ "ሸማቂ እኮ ነው፣ ዩኒፎርም የለውም፣ ቀን ገበሬ ማታ ተኳሽ ነው፣ ጄኔቫ ምናምን ሚሉት እሱን አይመለከትም አይደል?"

ይመለከተዋል አቦ። ግማሹ ብቻ ነው እውነት። አገር ውስጥ ግጭት ላይ የተያዘ ታጣቂ የጦር ምርኮኛ ሚባለውን ሙሉ ደረጃ አያገኝም፣ ማለትም መንግስት "መሳሪያ አንስተህብኛል" ብሎ ሊከሰውና ሊያስፈርድበት ይችላል፣ የሌላ አገር መደበኛ ወታደር ቢሆን ግን ስለተዋጋ ብቻ አይከሰስም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ያበቃል። አያያዙ ላይ ሲመጣ አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች (በፈረንጅ 1949 የወጡት ናቸው) ቃል በቃል አንድ አይነት የሆነ አንቀጽ 3 አላቸው፣ እሱ ደግሞ ሚያወራው ስለ አገር ውስጥ ጦርነት ነው። መሳሪያ ያስቀመጠ፣ የቆሰለ፣ የታመመ ወይ የተያዘ ሰው አይገደልም፣ አካሉ አይጎድልም፣ አይሰቃይም፣ መያዣ አይሆንም፣ አይዋረድም፣ በአግባቡ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ሳይፈርድበትም አይቀጣም። ዩኒፎርም ለብሷል አልለበሰም አይልም። "የፈረንጅ ህግ ነው" ሚል ካለ ደግሞ ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን ያጸደቀችው ገና በንጉሱ ጊዜ በ1962 ዓ.ም. ነው፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎቹን (ስምምነቶቹን ሚያሟሉ ሰነዶች ናቸው፣ ሁለተኛው ስለ አገር ውስጥ ጦርነት ነው) በ1986፣ የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 9 ንዑስ 4 ደግሞ ያጸደቅነው ስምምነት ሁሉ የአገሪቱ ህግ አካል ነው ይላል። ስለዚ የራሳችን ህግ ነው።

ከዚ ሁሉ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ምለው ይሄን ነው፣ የያዝከውን ሰው ስሙን ጻፍ፣ በፊርማ አስረክብ። ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው ላይ ሁሉም ደፋር ነው። ሰው ሚመታው፣ ሚጠፋው፣ "ሊያመልጥ ሲል ተተኩሶበት" ሚባለው በአብዛኛው ከተያዘበት ሰአት ጀምሮ አንድ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን ማሳጠር ያንተ ስራ ነው፣ የጄኔራሉ አይደለም።

የመጀመሪያው ሰአት

አሜሪካኖቹ ወታደሮቻቸውን ሚያስተምሩት አጭር ነገር አለ፣ አምስት ነገርና አንድ ካርድ። ፈትሽ፣ ዝም አስብል፣ ለያይ፣ በፍጥነት ወደ ኋላ ውሰድ፣ ጠብቅ፣ ካርድ እሰርበት። የፈጠራቸውን አገር ብንወድም ባንወድም ነገሩ ራሱ ይሰራል፣ ብቻ እያንዳንዱ ላይ ጠማማ አረዳድ አለ።

ፍተሻው ለመሳሪያና ለሰነድ ነው። ሴት ከሆነች ሴት ትፈትሻት፣ ሴት ወታደር ከሌለች የኪስና የቦርሳ ፍተሻ ብቻ አድርገህ ሌላውን ሴት ባለችበት ቦታ እስክትደርሱ አቆየው። ዝም አስብል ማለት እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ፣ ወሬ እንዳይገጣጥሙ ነው እንጂ አፍ ውስጥ ጨርቅ መወተፍ ወይ ባወራ ቁጥር ማጮል አይደለም። ለያይ ሲባል አዛዥ የሚመስለውን ከተራው፣ ሴትን ከወንድ፣ ልጅን ከትልቅ ነው፣ ቤተሰብ ከሆኑ ግን እናትና ልጅ አትለያይ። ልጅ ታጣቂ ስትይዝ፣ ክላሽ ይዞም ቢሆን፣ እሱ ህግ ፊት መጀመሪያ ልጅ ነው፣ ከ15 አመት በታች ያለ ሰው ሲጀመር መመልመልም መዋጋትም የለበትም፣ ስለተያዘም ያ ልዩ ጥበቃ አይነሳበትም። ጠብቅ ሚለውን ብዙው ሰው "እንዳያመልጥ" ብቻ ብሎ ይረዳዋል፣ ዋናው ግን እሱንም ከራሳችሁ ልጆች መጠበቅ ነው። ጓደኛው ከአንድ ሰአት በፊት የሞተበት ወታደር እዛው አጠገቡ አለ እኮ። እሱን እስረኛ ላይ ጠባቂ አታድርገው፣ ውሃ ስጠውና ሌላ ስራ ላክ። ይሄ ህግ ላይ የተጻፈ አይደለም፣ ግን አዛዥ የሆነ ሰው ያን ቀን ከሚሰራው ሁሉ ትልቁ ስራ እሱ ሊሆን ይችላል።

ካርዱ። የነሱ ካርድ ሶስት ቦታ ሚቀደድ ነው፣ አንዱ ሰውየው ላይ ይታሰራል፣ አንዱ የያዘው ክፍል ጋ ይቀራል፣ አንዱ ንብረቱ ላይ ይለጠፋል። አንተ ካርድ ባይኖርህ ደብተር አለህ። ስም እስከ አያት፣ እድሜ፣ ከየት እንደሆነ፣ የት ቦታ ተያዘ፣ ስንት ሰአት፣ ማን ያዘው፣ ምን ይዞ ነበር፣ ሰውነቱ ላይ ምን ቁስል ነበር። የመጨረሻዋን አትርሳ፣ ስታስረክበው ደህና እንደነበረ ሚያሳይልህ እሷ ናት፣ ከሶስት ቀን በኋላ ጎኑ ተሰብሮ ቢገኝ "ማን ሰበረው" ሲባል አንተ ወረቀት አለህ። የተቀባዩን ስምና ፊርማ ውሰድ፣ "ነገ እፈርማለሁ" ካለህ አታስረክብ፣ ካስገደደህም እሱንም ጻፈው።

ጫማና ስልክ

ጫማ ማስወለቅ የቆየ ልማድ ነው፣ ባዶ እግሩን ሰው አይሮጥም ይባላል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሄግ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን በፈረንጆቹ ሐምሌ 2003 ስለ ምርኮኞች ሁለቱንም አገር የሚወቅስ ውሳኔ ሰጥቷል፣ ያ በሁለት አገር መሀል የነበረ ጦርነት ስለሆነ ህጉ ሰፋ ይላል፣ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ኤርትራ ምርኮኛ በመደብደቧ፣ ንብረት በመውሰዷ፣ የቀይ መስቀል ሰዎችን ባለማስገባቷ ጥፋተኛ ተባለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከተባለችባቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምርኮኞችን ጫማ አስወልቆ ረጅም መንገድ በእግር ማስኬድ። እንግዲህ አስቡት፣ የሆነ ተራ ወታደር ጠዋት ላይ "ጫማህን አውልቅ" ብሎ ያዘዘው ነገር ሄግ ድረስ ሄዶ ዳኞች ፊት ቀርቦ በአገር ስም ተጻፈ። ስለዚ ጫማውን ተወው፣ ማምለጡ ካስፈራህ እጁን እሰር።

እጅ ስታስር ደግሞ የፊጥኝ አታስር። ክርንና ክርን የኋሊት ገጥሞ ማሰር ነርቭ ይጎዳል፣ በደርግ ጊዜ ታስረው እጃቸው ሽባ ሆኖ የቀሩ ሰዎችን ሀረርም ድሬም ሽማግሌ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። አንጓ ላይ፣ ጣትህ ሚገባበት ያህል አላልተህ፣ በየጊዜው እያየህ። አይን መሸፈን ለመንገድ ጸጥታ ካስፈለገ ለዛች ሰአት ብቻ ነው፣ ፊቱን ሙሉ ከረጢት ውስጥ መክተት ግን በፍጹም።

ስልክና ብር ትወስዳለህ፣ መረጃ ሊኖረው ስለሚችል ትክክል ነው፣ ግን ይመዘገባል፣ ወደ ኪስ አይገባም። ስልኩ ኪስህ ከገባ እሱ ዘረፋ ነው፣ በጦርነት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ስሙ ይከብዳል። በስልክህ ቪዲዮ አንስተህ ቲክቶክ ላይ ምትለቅ ልጅ ከሆንክ ደሞ ተንበርክኮ የተቀረጸው ሰውዬ አንተን አይረሳህም፣ አቃቤ ህግም አይረሳህም፣ ኢራቅ ውስጥ አሜሪካኖቹ ይጠብቁት በነበረው አቡ ግሬይብ እስር ቤት በፈረንጆቹ 2003 ማብቂያ እስረኞች ላይ የተደረገውን ግፍ ያጋለጠው ሌላ ምንም ሳይሆን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ያነሱት ፎቶ ነበር።

ውሃና ምግብ ላይ አላረዝምም። ሁለተኛው ፕሮቶኮል አንቀጽ 5 ሚለው የአካባቢው ህዝብ ሚያገኘውን ያህል ነው፣ ቆላ ላይ ከሆናችሁ ውሃ ከምግብ ይቀድማል። የቆሰለ ደግሞ ሚታከመው በቁስሉ ክብደት ነው፣ የነሱ ሰው ሆዱ ተመትቶ የናንተ ልጅ ጣቱ ከተመታ ሐኪሙ መጀመሪያ ሆድ ወደተመታው ይሄዳል። ይሄን ስነግራቸው ሚናደዱ ልጆች አሉ፣ ይናደዱ።

አስተርጓሚ ስትደረግ

ይሄ በተለይ ለኛ ልጆች ነው። ድሬ ያደገ ልጅ ሶማሊኛም ኦሮምኛም አማርኛም ይሰማል፣ አንዳንዱ ሀረሪኛም ይጨምርበታል፣ ክፍሉ ውስጥ እንደሱ ያለ ሰው ከሌለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳይሾም አስተርጓሚ ሆኖ ቁጭ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነው፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 1 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረው ስለሚል አንተ ያን ስታደርግ ህጉን እየፈጸምክ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሰው በቋንቋው ሲያናግሩት ይረጋጋል፣ ድንጋጤ የፈጠረው ግርግርም ይቀራል።

ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ጠያቂው ሌላ ሰው ነው፣ አንተ ግን መሀል ላይ ተቀምጠሃል። ጠያቂው "ካልተናገረ ሚስቱን እንደምናመጣት ንገረው" ቢልህና አንተ ብትነግረው ዛቻው የወጣው ካንተ አፍ ነው። ቤተሰብን መያዣ ማድረግ የጄኔቫው አንቀጽ 3 ላይ በግልጽ ተከልክሏል፣ ዛቻውም ራሱ ጥፋት ነው። በዱላ ሲመቱት አንተ ጥያቄውን እየደገምክ ከነበርክ ፍርድ ቤት "አልመታሁም፣ ተረጎምኩ እንጂ" ሚለውን በቀላሉ አይቀበልህም፣ የወንጀል ተካፋይነት በእጅ መምታት ብቻ አይደለም። ከዛም በላይ ሰውየው ሲወጣ ሚያስታውሰው ፊት ያንተ ነው፣ ቋንቋው የገባው ካንተ ጋር ነዋ፣ የቋንቋው ሰው ስለሆንክ ደግሞ ያንተን ጎሳና ሰፈር ለማጣራት ሁለት ሰው አይፈጅበትም።

ስለዚ ከመጀመሪያው ቀን መስመርህን አስምር። የተጠየቀውን እንደተጠየቀ፣ የመለሰውን እንደመለሰ ትተረጉማለህ፣ ከራስህ አትጨምርም፣ አታስፈራራም፣ አታባብልም። ዱላ ከተነሳ ታቆማለህና "አለቃ እኔ መተርጎም አልችልም" ብለህ ትወጣለህ። ምክንያት ካስፈለገህ የህጉን ክርክር ትተህ በስራ አውራ፣ "እየጮኸ ምን እንደሚል አይሰማኝም፣ ሲረጋጋ ይጠየቅ" በል። ፈሪ ሊሉህ ይችላሉ። ሚሉትን ይበሉ።

ምርመራ ያንተ ስራ አይደለም

ሜዳ ላይ ሊጠየቅ ሚገባው ነገር ትንሽ ነው፣ ስምህ ማነው፣ ቆስለሃል ወይ፣ አካባቢው ላይ ፈንጂ አለ ወይ። ከዛ ያለፈው የተመደበለት ሰው አለ። የተያዘው ሰው ዝም የማለት መብት አለው (ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 2)፣ ተገዶ የሰጠው ቃል ደግሞ በንዑስ 5 ማስረጃ አይሆንም፣ ስለዚ ደብድበህ ያገኘኸውን ነገር ይዞ አቃቤ ህግ ፍርድ ቤት ሄዶ ይወድቅበታል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ይሄን ነው፣ ዱላው ያተረፈው ነገር የለም፣ መዝገቡን አበላሸ፣ ሰውየውን አጠነከረ።

"እኔ እኮ አልመታሁትም፣ ቁሞ እንዲያድር ብቻ ነው ያደረኩት" ሚል ካለ ስለ እንግሊዞቹ ልንገረው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አምስት ዘዴ ነበራቸው፣ ግድግዳ ተደግፎ ለሰአታት ማቆም፣ ጭንቅላት በከረጢት መሸፈን፣ ያለማቋረጥ ድምጽ ማሰማት፣ እንቅልፍ መከልከል፣ ምግብና ውሃ መቀነስ። ዱላ የለበትም ለማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በፈረንጆቹ 1972 ከለከለው፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ1978 ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ብሎ ፈረደ። ከዛስ? ሰራዊቱ ረሳው። እውነት ረሳው፣ ስልጠናው ውስጥ ሳይገባ ቀረና በፈረንጆቹ መስከረም 2003 ኢራቅ ውስጥ ባስራ ላይ ባሃ ሙሳ ሚባል የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይዘው ፊቱን ሸፍነው ሲያቆሙት ሲመቱት ቆይተው ሞተ፣ አስከሬኑ ላይ 93 ጉዳት ተቆጠረ። አንድ አስር አለቃ ኢሰብአዊ አያያዝ ፈጽሜያለሁ ብሎ አምኖ አንድ አመት ታሰረ፣ የሻለቃው አዛዥ ነጻ ወጣ። ከታች ያለው ነው የታሰረው፣ ይሄን ልብ በሉ። አቡ ግሬይብም ላይ ትልቁን ቅጣት፣ 10 አመት፣ የወሰደው ተራ ጠባቂ ነው እንጂ ኮሎኔል አይደለም።

"ታዝዤ ነው"

የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 74 ግልጽ ነው፣ የታዘዘው ነገር ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይጠየቃል፣ ለምሳሌ ብሎ ሲጠቅስም ግድያን በስሙ ጠርቶታል። ዳኛው የወታደር ዲሲፕሊን አስገድዶታል ብሎ ቅጣት ሊያቀልልህ ይችላል፣ እሱ ግን ከተፈረደብህ በኋላ ያለ ወሬ ነው። የተያዘ ሰው መግደልና ማሰቃየት አንቀጽ 270 እና 272 ስር ነው ሚወድቀው፣ ከ5 እስከ 25 አመት ጽኑ እስራት፣ ከባድ ከሆነ እድሜ ልክ ወይ ሞት፣ ያዘዘውም ያደራጀውም ያደረገውም እኩል። ጦርነት ነው አይደለም ብለው ቢከራከሩም እንኳ አንቀጽ 424 አለ፣ ተጠርጣሪን የደበደበ የመንግስት ሰራተኛ በከባዱ እስከ 10 አመት ነው።

ጊዜ ያልፋል ደግሞ አትበሉ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 28 ማሰቃየት፣ ያለ ፍርድ መግደልና ሰው መሰወር በይርጋም በምህረትም አይታለፍም ይላል። ቀይ ሽብር የተፋፋመው በ1969 እና 70 ነው፣ ፍርዱ መንግስቱ ላይ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም.፣ ሰላሳ አመት ማለት ነው፣ ከላይ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ቀበሌ ውስጥ ወፌ ላላ (ሰውን አስሮ እንጨት ላይ ዘቅዝቆ መግረፍ) ሲሰቅሉ የነበሩ ሰዎችም ተለቅመው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ያኔ 20 አመታቸው የነበረ ልጆች የልጅ አባት ሆነው ነው የተያዙት።

እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ስጽፈው ቀላል ነው። ግን ፊት ለፊት እምቢ ከማለት በፊት ሚሞከሩ መንገዶች አሉ። ትዕዛዙ በጽሁፍ ይሰጠኝ ማለት አንዱ ነው፣ እንዲህ አይነት ትዕዛዝ ሚጽፍ ሰው ብዙም የለም። በሬዲዮ ስሙንና ሰአቱን ቀድሞ ማሳወቅ ሁለተኛው፣ ሻለቃው አንዴ "ሶስት ሰው ይዘናል" ብሎ ከሰማ ሁለት ይዞ መድረስ ማብራሪያ ይጠይቃል። ሌላው ሰውየውን ቶሎ ማራቅ፣ የመቶ መሪው ንዴት እስኪበርድ ሳይጠብቁ መኪና አግኝቶ ወደ ኋላ መላክ። ሁሉም ካልሆነ ግን እምቢ ትላለህ፣ የማን ትዕዛዝ እንደሆነና ማን እዛ እንደነበረ በዛው ቀን ትጽፋለህ።

48 ሰአትና አስቸኳይ ጊዜ

በመደበኛው ጊዜ የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ወታደር ያዘው ፖሊስ ያዘው ልዩነት የለውም፣ ለዛ ነው ቶሎ ለፖሊስ አስረክቡ ምለው። ካምፕ ውስጥ "ለጊዜው" ብሎ ሳምንት ማቆየት ህገ ወጥ እስር ነው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ብዙ ነገር ይታገዳል፣ የ48 ሰአቱም ሊታገድ ይችላል፣ የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 93 ግን በምንም ሁኔታ አይነኩም ካላቸው ውስጥ አንቀጽ 18 አለ፣ እሱም ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን ሚከለክለው ነው። ማለትም መያዙ ሊሰፋ ይችላል፣ መምታቱ ግን አንድ ቀንም አልተፈቀደም። አስቸኳይ ጊዜውን ሚከታተለው መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት።

ሰው የተያዘባችሁ ከሆነ

መጀመሪያ የያዘውን ክፍል፣ ቦታውን፣ ሰአቱን፣ ያዩትን ሰዎች ስም ጻፉ፣ ዛሬ፣ ትዝታ ይደባለቃል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ "የለም" ከተባላችሁ ማን እንዳለ ጻፉ። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሚባል አለ፣ ያለ ህግ የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብና እንዲለቀቅ ሚጠየቅበት፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ ሚቀርብ ነው፣ የታሰረው ራሱ መፈረም ካልቻለ ሌላ ሰው ስለሱ ይምላል፣ ድሬ ላይ የፌደራል ፍርድ ቤት ስላለ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፣ ሀረር ከሆናችሁ ደግሞ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የፌደራል ስልጣን በውክልና ይዘዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ 1224/2012 ከተሻሻለ ወዲህ ሳያስታውቅ ማቆያ ቦታ መግባት ይችላል፣ ጅግጅጋ ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታው ላይ ከላይ የጻፋችሁትን ሁሉ አያይዙ። ቀይ መስቀል ጋ ደግሞ የጠፋ ሰው ፍለጋና የቤተሰብ መልዕክት አለ፣ መልዕክቱ ተከፍቶ ሚነበብ ስለሆነ ስለ ቤተሰብ ጤና ብቻ ጻፉበት፣ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል ካለበት እዛው ይቀራል። ሲፈቀድላችሁ ልብስና መድኃኒት ውሰዱ፣ ያመጣችሁትን ዘርዝራችሁ አስፈርሙ።

ሲለቀቅ

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ፕሮቶኮሉ ሰው ስትለቅ ደህንነቱን አረጋግጠህ ነው ይላል። ሌሊት ስድስት ሰአት ላይ በር ከፍቶ "ሂድ" ማለት፣ ወይ የሌላኛው ወገን ሰዎች "ሰላይ ሆኖ ነው የተለቀቀው" ብለው ሚጠብቁት መንደር አጠገብ ከወታደር ፒክአፕ ላይ ማውረድ መልቀቅ አይደለም። ቀን ላይ ልቀቀው፣ ንብረቱን ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከርክ መልስለት፣ ቤተሰቡ መጥቶ እንዲወስደው ደውልለት፣ መምጣት ካልቻሉ የአገር ሽማግሌ ወይ የቀበሌ ሰው ይቀበለው፣ መንገድ ላይ ኬላ ካለ እንዳይያዝ ተለቋል ሚል ማህተም ያለው ወረቀት ይያዝ፣ ያንተም ደብተር ላይ የተለቀቀበት ቀን፣ ሰአትና የተቀበለው ሰው ስም ይግባ።